የገባበት ሕመም ድኖ ልጁ ከስቶ እንዳይወጣ፦ ሆስፒታል ለተኙ ልጆች የምግብ ክትትል መመሪያ

ማታ ዲውቲ ስትገቡ የአንድ ሕፃን ቻርት ገልጣችሁ እዩ። ሙቀቱ አለ። ትንፋሹ አለ። የመድኃኒቱ ሰዓት ከነፊርማው አለ። ዛሬ ምን እንደበላ ግን የለም።

ጅማ ውስጥ የሕፃናት ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው በተለይ ዋርድ ለምትጀምሩ ነርሶችና ኢንተርኖች ነው። ልጅ ለምታስታምሙ እናቶችና አባቶችም ይጠቅማል። ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። እግሩ በክብደት ተስቦ አጥንት ክፍል ተኛ። ሲገባ ከእግሩ በቀር ደህና ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሳየው እጁ ላይ ያለው የክር አምባር እስከ ክርኑ ይንሸራተታል። ስንት ኪሎ ሆኖ እንደገባ ማንም አያውቅም፤ አልተመዘነማ። እኔም በዚያ አልጋ አጠገብ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ አልጠየቅሁም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳወራው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ምግብ የሚተወው ፖፖ ላለመጠየቅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ትልልቅ ወንዶች ተኝተዋል። አፈረ።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ደግሞ ሲመጡም ስንቅ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ 7 በመቶው የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ይከብዳል። ቡናው ገና አልተለቀመም፣ ብሩ አልቋል፣ ጎተራው ባዶ ነው። በዚያ ወቅት ለሳንባ ምች ወይም ለወባ የሚገባ ልጅ ሳምንት ምግብ ካልበላ የሚያጣው ከሌለው ላይ ነው። የከሳ ልጅ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽን ይደጋግመዋል፣ አልጋ ላይ ይቆያል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን እንጀምር።

1. በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኩት

ለምንም ይግባ ለምን ይመዘን። ተቃጥሎም ይምጣ፣ አጥንቱ ተሰብሮም ይምጣ፣ ለቀዶ ሕክምናም ይምጣ። «ይሄ የሰርጀሪ ልጅ ነው» የሚባል ነገር ለምግብ አይሠራም።

ሚዛኑ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ይቀመጥ። በየጧቱ ክብደቱን በምታውቁት ነገር ፈትሹት፤ ያልተከፈተ የ5 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። የልጁን ሹራብ፣ ካልሲ፣ እርጥብ ዳይፐር አውልቁ። የጅማ ጧት ቀዝቃዛ ነው፤ መስኮቱን ዝጉ፣ ጋቢውን አዘጋጅታችሁ ቶሎ ጨርሱ። መቆም ካልቻለ ከእናቱ ጋር መዝኑና የእናቱን ቀንሱ። አብረው 61.0፣ እሷ ብቻዋን 52.4 ከሆነች ልጁ 8.6 ኪሎ ነው። በግምት «ዘጠኝ ይሆናል» ብላችሁ አትጻፉ። የመድኃኒቱም መጠን የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ቁመት ከ2 ዓመት በታች ከሆነ አስተኝታችሁ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አቁማችሁ ለኩ። ከ2 ዓመት በታች ያለውን አቁማችሁ ከለካችሁ 0.7 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የሹሩባውን ጌጥ ማውለቅ አትርሱ።

አሁን ወደ ክንድ። ሙዋክ የምንለው ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ግራ ክንዱን ክርኑ ላይ በቀጥታ ማዕዘን እጠፉ። የትከሻውን አጥንት ጫፍና የክርኑን ጫፍ በጣታችሁ ፈልጉ። መሃሉን ለክታችሁ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ክንዱን ዘርጉትና ልል ብሎ ይንጠልጠል። ቴፑን ነጥቡ ላይ ጠቅልሉ። ቆዳው ከተጨማደደ ጠብቋል፤ በሥሩ ክፍተት ከታየ ላልቷል። ክንዱ ላይ ክታብ የታሰረ ከሆነ በራሳችሁ እጅ አትፍቱት። እናቱን ጠይቋት፣ እሷ ከፍ ታደርገዋለች።

ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያልደረሰው ቢጫ፣ መካከለኛ ነው። 12.5 እና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ክብደቱን ከቁመቱ ጋር በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ስታዩትም ዜድ ስኮሩ (ከጤናማ ልጆች አማካይ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር) ከ-3 በታች ከሆነ ከባድ፣ ከ-3 እስከ -2 ያለው መካከለኛ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ሁልጊዜ አይስማሙም። አንዱ ቀይ ካለ ልጁ ቀይ ነው። ከ6 ወር በታች ላሉት ክብደት ለቁመትን እዩ፣ ጡት ሲጠቡም በዓይናችሁ ተመልከቱ። ከ5 ዓመት በላይ ላሉት ለዕድሜያቸው የተዘጋጀውን የቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል) ሠንጠረዥ ተጠቀሙ።

አንድ ማሳሰቢያ። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ሲገባ የሚመዝነው ከእውነተኛው ያንሳል። ፈሳሹ ከተተካ በኋላ እንደገና መዝኑትና ያንን መነሻ አድርጉ። አለዚያ በሦስተኛው ቀን «ጨመረ!» ብላችሁ የምትደሰቱት በውሃ ነው። ክንድ ግን በፈሳሽ ማነስ ብዙም አይለዋወጥም።

2. ሁለቱን እግሮች ተጫኑ

ይህ ሦስት ሰከንድ ነው የሚወስደው። በሁለቱም እግሮች ጀርባ ላይ በአውራ ጣታችሁ ለ3 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ። ጣታችሁ ያረፈበት ጎድጉዶ ከቀረ በሁለቱም እግር እብጠት አለ። ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ነው።

አንድ እናት «አሁን ትንሽ ወፍሮልኛል» ብላ ፊቱን እያሳየችኝ ነበር። ጉንጩ ሞልቷል። ፀጉሩ ግን ሳስቶ ቀላ ብሏል፤ ሲስቡት ያለ ሕመም ይነቀላል። እግሩን ስጫነው ጣቴ የተወው ጉድጓድ ቁልጭ ብሎ ቀረ። እሷም አየችው። ምንም አላለችም። እንዲህ ያለች እናት አትቆጧት። ልጇን የምታየው በጉንጩ ነው፣ ማናችንም እንደዚያው ነን።

3. አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

ልኬቱ ዛሬ ያለበትን ይነግረናል። ነገ ማን ሊከሳ እንደሚችል የሚያመለክት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የተዘጋጁ ቅጾች አሉ። እኔ የምወደው ስትሮንግ ኪድስ የሚባለውን ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው። ሚዛን አይፈልግም፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

መጀመሪያ ልጁን እዩት። ጡንቻው ሟሟ? ሥቡ ጠፋ? ፊቱ ገባ? አዎ ከሆነ 1 ነጥብ። ቀጥሎ ለምግብ እጥረት የሚያጋልጥ ሕመም አለበት? ቃጠሎ፣ የቆየ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም፣ ኤችአይቪ፣ ካንሰር፣ ከባድ አደጋ፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ። ይህ 2 ነጥብ አለው። ሦስተኛው፣ ባለፉት ቀናት ምግብ ቀንሷል? በቀን 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስቀምጠዋል? ከ3 ጊዜ በላይ ያስመልሰዋል? ሕመሙ መብላት ከልክሎታል? አንዱ እንኳ ካለ 1 ነጥብ። አራተኛው፣ ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት ክብደት ቀንሷል፣ ወይም ከዓመት በታች ከሆነ መጨመር አቁሟል? 1 ነጥብ።

ካርድ ያልያዘች እናት ኪሎውን አታውቅም። «ልብሱ ሰፋበት ወይ?» በሏት። «ስታዝይው ቀለለሽ ወይ?» በሏት። ይህን ሁሉም እናት ትመልሳለች።

0 ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ከ1 እስከ 3 መካከለኛ ነው፤ 4 እና 5 ከፍተኛ ነው። ያ ባለ አቮካዶው ልጅ ገና ሲገባ ቢጠየቅለት በአደጋው ብቻ 2 ያገኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስሙ ከሚከታተሉት ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው። ነጥቡን ቻርቱ ፊት ላይ በጉልህ ጻፉት፣ በየሳምንቱም ድገሙት።

4. ከባድ የሆነውን ለይታችሁ ያዙ

ክንዱ ከ11.5 በታች የሆነ፣ ዜድ ስኮሩ ከ-3 በታች የወረደ ወይም ያበጠ ልጅ «ብላ ብላ» የሚባል ልጅ አይደለም። ወደ ማረጋጊያ ክፍል ይሂድ፣ በአገሪቱ መመሪያ ይታከም። በመጀመሪያው ሰዓት ግን እናንተ የምታደርጉት አለ። ስኳሩን ለኩ። በዴሲ ሊትር ከ54 ሚሊ ግራም በታች ከሆነና ራሱን ካልሳተ 10 በመቶ ግሉኮስ 50 ሚሊ ሊትር በአፍ ወይም በቱቦ ስጡት። ብብቱ ሥር ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ በጋቢ ሸፍኑት።

ኤፍ 75 የሚባለው የሕክምና ወተት ሲጀመር በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር በቀን ነው፤ እብጠቱ ከባድ ከሆነ 100። 6 ኪሎ የሆነ እብጠት የሌለው ልጅ በቀን 780፣ በየ2 ሰዓቱ 65 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለውን አትዝለሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ስኳሩ የሚወርደው ሁላችንም እንቅልፍ ሲጥለን ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ቅቤ የበዛበት ገንፎ መጠቅጠቅ ደግሞ ይጎዳዋል። የተራበ ሰውነት ቀስ ተብሎ ነው የሚመለሰው።

5. «በልቷል?» አትበሉ

ይህ ለእኔ ዋናው ነው። «በልቷል?» ስትሉ መልሱ «አዎ ሲስተር» ነው። እናትየዋ ቁጣ ፈርታ ነው፤ ወይም ሁለት ጉርሻም መብላት ስለሆነ ነው። «ከጧት ጀምሮ ምን ምን በላ?» በሉ። ከዴዶ፣ ከጌራ ወይም ከአጋሮ ገጠር የመጣች እናት አማርኛው ካስቸገራት በኦሮምኛ «ማል ኛቴ?» (ምን በላ?) በሏት፤ ፊቷ ሲፈታ ታያላችሁ። ከዚያ ሳህኑን እዩ። የተረፈው ይናገራል።

ቻርቱ ላይ ለጧት፣ ለምሳ፣ ለእራትና ለመክሰስ አራት ክብ አድርጉ። ሙሉውን ከበላ ሙሉውን አጥቁሩ። ግማሽ ከበላ ግማሽ፣ ሩብ ከበላ ሩብ፣ ካልበላ ባዶ ተዉት። እናቶች ራሳቸው ያጠቁሩታል፤ ማንበብ አይጠይቅም። ጡት ለሚጠባው ስንት ጊዜ እንደጠባ መስመር ይሰመር። በሁለት ተከታታይ ቀናት ክቦቹ ከግማሽ በታች ከሆኑ ጧት ራውንድ ላይ ተናገሩ። እንደ ትኩሳት ቁጠሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልንገራችሁ። ቤተሰብ «ግሉኮስ ተሰቅሎለታል፣ አይርበውም» ይላል። ግማሽ ሊትር የ5 በመቶ ግሉኮስ 85 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ከአንድ እንቁላል ብዙም አይበልጥም፤ ፕሮቲን ደግሞ ጭራሽ የለውም። 9 ኪሎ የሆነ ልጅ በቀን ከ720 እስከ 900 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ይህን ለእናት ስታስረዱ ከረጢቱን እያሳያችሁ «ይሄ ውሃ ነው፣ ምግብ አይደለም» በሉ።

6. ምን እንደከለከለው ፈልጉ

«ምግብ እምቢ አለ» ብሎ የሚያልቅ ማስታወሻ አልወድም። ለምን? አፉን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ፤ ነጭ ነገር ወይም ቁስል ሊኖር ይችላል። አፍንጫው ከተደፈነ አይጠባም፤ ከመጥባቱ በፊት በጨው ውሃ ጠብታ ጥረጉለት። በደቂቃ ከ60 በላይ የሚተነፍስ ሕፃን ትን ሊለው ስለሚችል በአፍ አትስጡ፤ የታለበ የእናቱ ወተት በአፍንጫ ቱቦ ይግባለት። ካመመው ማስታገሻውን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ስጡት። መራራውን ሽሮፕ ከምግቡ ጋር አትቀላቅሉ፤ ምግቡን አብሮ ይጠላዋል።

ከዚያ በኛው እጅ የሚራቡት አሉ። አንድ ልጅ ለኦፕሬሽን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ ተባለ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጠብቆ «ለነገ ተላልፏል» ተባለ። በማግስቱም እንደዚያው። ሁለት ቀን ባዶ ሆድ። ሰመመን ለሚሰጠው ልጅ የሚያስፈልገው ጾም ከቀላል ምግብና ከላም ወተት 6 ሰዓት፣ ከጡት 4 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ነው። ቀጠሮው ጧት 3 ሰዓት ከሆነ እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ይጠባል፣ እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ውሃ ይጠጣል። ጧት ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ደውላችሁ ተራውን አረጋግጡ። ከተሰረዘ በዚያችው ደቂቃ ይብላ።

ፖፖውንም ጠይቁ። ከአልጋ የማይወርድ ልጅ ካለ መጋረጃ ሳቡለት።

7. ምግቡ ይወፍር

ሲታመም አጥሚት መስጠት የኛ ወግ ነው፤ የእናት ፍቅር ያለበት ምግብ ነው። ችግሩ ቅጥነቱ ላይ ነው። የልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 9 ኪሎ ከሆነ 270 ሚሊ ሊትር፣ አራት ሲኒ ያህል መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ቦታ በውሃ ከሞላ ልጁ ጠግቦ ይራባል።

ማንኪያውን ዘቅዝቁት። ገንፎው እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ወደዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፣ ጣዕሙን አይቀይርም። እንቁላል ሲፈላ አብሮ ይመታ። በደንብ የተፈጨ ለውዝ ካለ ጥሩ ነው። ጅማ ደግሞ አቮካዶ አለልን። ግማሽ መካከለኛ አቮካዶ 160 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ምድጃ አይፈልግም፣ በሹካ ተፈጭቶ አልጋ ላይ ይበላል። ዋርድ ውስጥ ማብሰያ ለሌላት እናት ከሂርማታ ገበያ ከሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ የምመክራት እሱን ነው። ማር ግን ከዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ የአካባቢያችን ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ጁስና ብስኩት ይዞ ይመጣል። ልጁ እሱን ይቀምስና እራቱን ይተዋል። «ለልጁ እንቁላልና ሙዝ ብታመጡ» ብሎ መናገር ነውር አይደለም፤ ደስ ብሏቸው ያመጣሉ። ሻይ በዳቦም የቁርስ ቦታ መያዝ የለበትም። ሻይ ብረት ከምግብ እንዳይወሰድ ያደርጋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅም ምግብ አይከልከል። ጡቱ ይቀጥል፣ ገንፎው ይቀጥል፣ ከኦአርኤስና ከዚንክ ጋር።

8. የእናትየዋን ሳህን እዩ

ብዙ ቦታ ምግብ የሚመጣው ለታማሚው ነው። አስታማሚዋ የልጇን ትራፊ ትበላለች፣ ወይም አትበላም። የምታጠባ ከሆነ ይህ የልጁም ጉዳይ ነው። «አንቺስ ምን በላሽ?» በሏት። ረመዳን ላይ ከሆነና ለልጇ ወይም ለራሷ ከሰጋች እስልምና ለምታጠባ እናት ጾሙን ሌላ ጊዜ እንድታወጣ ይፈቅዳል። ይህንን ከእኛ ይልቅ ሼኩ ቢነግሯት ትቀበላለች፤ ስልክ ደውላ ትጠይቅ። ኦርቶዶክስ የሆነችዋም የንስሐ አባቷን ታማክር።

9. ደጋግማችሁ መዝኑ

ከዓመት በታች ያለውንና ከባድ የሆነውን በየቀኑ፣ ሌላውን በሳምንት ሁለቴ። ጧት፣ ከቁርስ በፊት፣ በአንድ ሚዛን። ከ9.0 ኪሎ ወደ 8.6 የወረደ ልጅ ከሰውነቱ ከመቶ ከ4 በላይ አጥቷል። ለአዋቂ ሰው ከ60 ኪሎው ላይ 2.7 ኪሎ እንደማጣት ነው። ከከባድ የምግብ እጥረት በማገገም ላይ ያለ ልጅ ደግሞ በኪሎ በቀን ከ10 ግራም በላይ ቢጨምር ደስ ይበላችሁ። ከ5 ግራም በታች ከሆነ አንድ ነገር አለ፤ ወይ አይበላም፣ ወይ ያልታየ ኢንፌክሽን አለ።

እግሩ የተሰቀለ ወይም በጄሶ ያለ ልጅ አይመዘንም፤ ቢመዘንም ጄሶውን ነው። ክንዱን ግን በየሰኞው መለካት ይቻላል። ለዚያ ልጅ ያደረግነው ይህን ነው። አባቱ በየጧቱ ፖፖውን ያለ ጥያቄ ያቀርብለታል፣ መጋረጃ ተሳበለት፣ ወተትና አቮካዶ በየመሃሉ ይሰጠው ጀመር። በመጀመሪያው ሰኞ ክንዱ አልተለወጠም። በሁለተኛው 2 ሚሊ ሜትር ጨመረ። አምባሩ ግን ቦታው እስኪመለስ ቆየ።

10. መውጫ ወረቀቱ ላይ ጻፉት

«ድኗል» ብቻ አይበቃም። የሚወጣበትን ክብደት፣ የክንዱን ልክና ቀኑን ጻፉ። ቤት ሲገባ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይብላ። ክንዱ ከ12.5 በታች ከሆነ እናቱ ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምታሳየው ወረቀት ጻፉላት። ከጅማ ሩቅ ከሆነ የክብደት ቀጠሮውን ለሚቀርባት ጤና ጣቢያ ስጡላት። በየሳምንቱ የመኪና ገንዘብ ስለማይኖራት ትቀራለች።

ከመሄዷ በፊት ባለ ቀለሙን ቴፕ እጇ ላይ አድርጉላት። ፊታችሁ የልጇን ክንድ ሁለት ጊዜ ትለካ። አንዴ ስትሳሳት አርሟት፣ እንደገና ትሞክር። ቴፑን ከክትባት ካርዱ ጋር ታስቀምጠው። በየሁለት ሳምንቱ ትለካው፤ ቢጫ ላይ ካረፈ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ፣ ቀይ ላይ ካረፈ ወይም እግሩ ካበጠ በዚያው ቀን።